«ቤታችሁ ስንት መጽሐፍ አለ?»፦ ልጆችን ስለ ንባብ በሚደረግ ጥናት ማሳተፍ ምን ማለት ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ድሬዳዋ ለአንድ የንባብ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራው ከባድ አልነበረም። ታብሌት ይዤ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ስሙ በዕጣ የወጣውን ልጅ ከክፍል አስጠራለሁ። ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጬው እጠይቃለሁ፣ እሞላለሁ፣ «ጨርሰናል፣ ወደ ክፍልህ ሂድ» እለዋለሁ። ከዚያ ቀጣዩ ልጅ ይመጣል።

ከጥያቄዎቹ አንዱ «ቤታችሁ ስንት መጽሐፍ አለ?» የሚል ነበር። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ «የለም» አለኝ። ዜሮ ሞላሁ። በማግስቱ ወላጅ ለመጠየቅ ቤቱ ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለ ቁርአን አለ። ከሥሩ በቁቤ የተጻፈ የታናሽ እህቱ የኦሮምኛ መጽሐፍ አለ። በፕላስቲክ የተለበዱ ሁለት የመማሪያ መጻሕፍትም አሉ።

«ትናንት የለም አላልከኝም?» አልኩት።

«መጽሐፍ ነዋ የለም ያልኩት! ይሄ ቁርአን ነው። ይሄ የእህቴ ነው። እነዚያ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ናቸው፣ ሰኔ ላይ ይመለሳሉ።»

ልጁ አልዋሸም። በእሱ አማርኛ «መጽሐፍ አለን» ማለት የራሳችን የሆነ፣ ሃይማኖት ያልሆነ፣ ማንም መጥቶ የማይወስደው ነገር አለን ማለት ነው። ጥያቄውን ያዘጋጁት ሰዎች ግን የተጻፈና የተጠረዘ ነገር ሁሉ ማለታቸው ነበር። መልሱን ላርመው ብዬ ታብሌቱን ከፈትኩ። አንዴ የተላከ ፎርም አይከፈትም። ያ ዜሮ ዛሬም አንድ ቦታ ተቀምጧል። ምናልባትም «በድሃ ቤተሰብ ውስጥ የሚነበብ ነገር የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይሆናል።

ያን ጥያቄ ወደ ታብሌት ከመግባቱ በፊት ለአምስት የሦስተኛ ክፍል ልጆች አንብበንላቸው ቢሆን ኖሮ ከእረፍት ሰዓት በፊት ያርሙልን ነበር። ልጆችን በጥናት ማሳተፍ የሚባለው ነገር፣ ብዙ ከባድ ከባድ ስም ተሰጥቶት በየስልጠናው ቢወራም፣ መነሻው ይኸው ነው። ልጁ መልስ ብቻ ሳይሆን ጥያቄም አለው። ጥያቄው ከተበላሸ ደግሞ መልሱን በሺህ ብታባዛው አይድንም።

በልጆች ላይ፣ ከልጆች ጋር፣ በልጆች

አማርኛችን ለዚህ ነገር ምቹ ነው። ጥናት በልጆች ላይ ይሠራል። ከልጆች ጋር ይሠራል። በልጆችም ይሠራል።

በልጆች ላይ ሲሠራ ልጁ የሚለካ ነገር ነው። ክብደቱ ሚዛን ላይ እንደሚለካው ንባቡ በሰዓት ይለካል። ይህ ኃጢአት አይደለም። አንዳንዱን ነገር በሌላ መንገድ ማወቅ አይቻልም። ከልጆች ጋር ሲሠራ ምን ይጠየቅ፣ እንዴት ይጠየቅ፣ የተገኘው መልስ ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ልጆቹ ይናገራሉ፣ ይሰማሉም። በልጆች ሲሠራ ደግሞ ርዕሱን የሚመርጡት፣ የሚጠይቁት፣ የሚያጠናቅሩት ራሳቸው ናቸው። አዋቂው መንገድ ያሳያል፣ ታብሌት ያበድራል፣ ሲጣሉ ያስታርቃል።

ሮጀር ሃርት የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ዩኒሴፍ ባሳተመለት ጽሑፍ ይህን በመሰላል መልክ አስቀመጠው። መሰላሉ ስምንት እርከን አለው። የታችኛዎቹን ሦስቱን ሃርት ተሳትፎ ብሎ አልቆጠራቸውም። አንደኛው ልጁን መጠቀሚያ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ጌጥ ማድረግ። ሦስተኛው ለይስሙላ ማሳተፍ።

ጌጡን ሁላችንም አይተነዋል። ከዚራ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ አለ። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ልጆች ይገባሉ። «እኛ የነገ አገር ተረካቢዎች» የሚል ግጥም ይነበባል። ይጨበጨባል። ለስላሳ ይታደላል። ልጆቹ በሚኒባስ ይሸኛሉ፣ አዋቂዎቹ ስለ ልጆቹ መነጋገር ይጀምራሉ። (በነገራችን ላይ «የነገ ተረካቢ» የሚለውን አነጋገር ከልቤ አልወደውም። ልጁን ዛሬ ዝም ለማሰኘት የተፈጠረ ይመስለኛል። ስምንት ዓመቷ የሆነች ልጅ የምታነበው ዛሬ ነው። የማይገባትም ዛሬ ነው።)

መሰላሉን ሰዎች ብዙ ጊዜ በስህተት ያነቡታል። ሁሉም ጥናት ጫፍ ላይ ካልወጣ ዋጋ የለውም ይላሉ። ሃርት እንዲህ አላለም። አራተኛው እርከን፣ ማለትም ሥራውን አዋቂ ወስኖ ለልጁ ግን ምን እየተሠራ እንደሆነ በሚገባው ቋንቋ የተነገረበት፣ እሱም ተሳትፎ ነው። እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ እንኳ ብንደርስ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ያስጠራኋቸው ልጆች ስንቶቹ ለምን እንደተጠሩ ያውቁ ነበር? አንዷ «ጥፋት አጥፍቻለሁ?» ብላኛለች።

ሌላዋ የሚጠቅም ነገር ያለች ሰው ላውራ ለንዲ ናት፣ የቤልፋስት የሕግ ምሁር። እ.ኤ.አ. በ2007 የልጅ ድምፅ እንዲሰማ አራት ነገር ያስፈልጋል ብላ ጻፈች። የሚናገርበት ቦታ፣ መናገሪያ መንገድ፣ የሚሰማ ሰው፣ የተናገረውም የሚያመጣው ለውጥ። የኛ ችግር በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይደሉም። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አለ፣ ክበብ አለ፣ የልጆች ፓርላማም አለ። ማይክ አልጠፋም። የጠፋው ከማይኩ ማዶ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ነው።

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው። የለንዲ ሐሳብ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1989 ከወጣው የልጆች መብት ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ነው። የራሱን አስተያየት መያዝ የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ይሰጠዋል ይላል። ልብ በሉ፣ ልጁ ይወስን አይልም። ይመዘንለት ነው የሚለው። ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36ም ልጆችን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል።

ንባብ ላይ ሲሆን

የንባብ ጥናት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ፈተና ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት አንድ ዓይነት ፈተና አለ፣ የታችኛ ክፍል ተማሪዎችን የንባብ ደረጃ የሚለካ። ልጁ ፊደላት ይሰጠዋል። ቀጥሎ ቃላት፣ ቀጥሎ አጭር ታሪክ። ለእያንዳንዱ ክፍል 60 ሰከንድ አለው። መጀመሪያ ያሉትን 10 ፊደላት በሙሉ ከሳተ ያ ክፍል እዚያው ይቆማል፣ ልጁ እንዳይጨናነቅ ተብሎ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት ቋንቋዎች በሰፊው ተሰጥቶ ነበር። ሐረሪም በራሷ ቋንቋ ገብታበታለች። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከተሰጣቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

ይህ ቁጥር ጥሩ ሥራ ሠርቷል። ከዚያ በኋላ ሥርዓተ ትምህርቱ ተከለሰ፣ አዳዲስ መጻሕፍት ታተሙ። ፈተናውን አልጠላውም። ግን ስንት ልጅ እንደማያነብ እንጂ ለምን እንደማያነብ አይነግርህም። የሚያነበውንም ሁሉ አያይም።

ለዚህ ብሪያን ስትሪት የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ያየው ነገር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢራን ውስጥ በገጠር መንደሮች ተቀመጠ። የውጭ ሰው እነዚያን ገበሬዎች መሃይም ይላቸው ነበር። እሱ ያየው ግን በመንደሩ ቁርአን ቤት ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ያንኑ ችሎታ ገበያ ሲያወርዱት ነው። የፍራፍሬ ሣጥን ላይ ይጽፋሉ፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ፣ ዕዳ ይመዘግባሉ። ስትሪት ከዚህ ተነስቶ ማንበብና መጻፍ አንድ ወጥ ችሎታ አይደለም አለ። ሰው የሚያነበው በሆነ ቦታ፣ ለሆነ ጉዳይ፣ ከሆኑ ሰዎች ጋር ነው።

ለድሬ ሰው ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ቀፊራ ገበያ ሄዶ መቆም በቂ ነው። እዚህ ከተማ ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሰጣል። አማርኛው በፊደል፣ ኦሮምኛው በቁቤ፣ ሶማልኛውም በላቲን ይጻፋል። ከሰዓት ደግሞ ብዙ ልጅ ቁርአን ቤት ገብቶ ሎህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በዐረብኛ ይጽፋል። እሁድ ጠዋት ዳዊት የሚደግምም አለ። ከመጋላ እስከ ከዚራ በእግሩ የሚሄድ ልጅ የሱቁን፣ የመድኃኒት ቤቱንና የመስጊዱን ጽሑፍ በሦስት ዓይነት ፊደል እያየ ያልፋል። የላቲኑ ፊደል ራሱ በኦሮምኛና በሶማልኛ አንድ አይደለም። «x» የምትለዋ ሆሄ በቁቤ ጠ ናት፣ በሶማልኛ ግን ሐ። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ያለማንም እርዳታ ለይቶ ሲያነብ ጎበዝ ያለው የለም።

የግቢያችን አንዲት ልጅ አለች፣ ሰባተኛ ክፍል። የምትማረው በአማርኛ ነው። ከጓደኞቿ ጋር በቴሌግራም ስትጻጻፍ አማርኛውን በላቲን ፊደል ትመታዋለች። ለአያቷ ከሐረር የሚመጣውን የኦሮምኛ መልእክት እሷ ናት የምታነበው። አንድ ቀን ቀለል አድርጌ «ማንበብ ትወጃለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«በየትኛው?» አለችኝ።

መጠይቁ ላይ «በየትኛው?» የሚል ሣጥን የለም። «አዎ» እና «አይደለም» ነው ያለው። እንግዲህ ልጆችን በንባብ ጥናት ማሳተፍ ከሌላው ርዕስ ይልቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ይመስለኛል። ስለ ውኃ ወይም ስለ ክትባት ስታጠና አዋቂው ቢያንስ ግማሹን ያውቃል። ልጁ ከትምህርት ቤት ውጪ ምን፣ በየትኛው ፊደል፣ ለማን እንደሚያነብ ግን ከልጁ በቀር የሚያውቅ የለም። እናት እንኳ አታውቅም። አስተማሪውማ ከክፍሉ በር አያልፍም።

እሺ፣ እንዴት ይሠራል?

ልቤ ውስጥ ያስቀመጥኩት አንድ ምሳሌ አለ። እንግሊዝ አገር ሜሪ ኬሌት የምትባል ምሁር ልጆችን ራሳቸውን ተመራማሪ አድርጋ ታሠለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አቅሳ ዳር ከምትባል ሰው ጋር ሆና ድህነትና ንባብ እንዴት እንደሚገናኙ የሚመለከት ሥራ አወጣች። ጥናቶቹን የሠሩት የ11 ዓመት ልጆች ናቸው። አንዱ ቡድን ደህና ኑሮ ካለበት ሰፈር ትምህርት ቤት ነው፣ ሌላው ችግር ከበዛበት። መጀመሪያ ጥናት እንዴት እንደሚሠራ ተማሩ። ከዚያ ርዕሳቸውን ራሳቸው መረጡ፣ እኩዮቻቸውን ጠየቁ፣ ያገኙትን ጻፉ።

ጎልተው ከወጡት ነገሮች አንዱ የቤት ሥራ ነው። ማን አጠገብህ ተቀምጦ ያግዝሃል? ጸጥ ያለ ቦታ አለህ? ሌላው ደግሞ በራስ መተማመን ነው። ልጆቹ ንባብን ያዩት እንደ እውቀት ብቻ አይደለም፣ እንደ ድፍረትም ነው። ደህና ኑሮ ያላቸው ልጆች ጮክ ብሎ ማንበብን ከቤታቸው ጀምሮ ለምደውታል፣ ሌሎቹ አልለመዱትም። እኔ ይህን ሳነብ ዛፍ ሥር ያስቀመጥኳቸው ልጆች ትዝ አሉኝ። የማያውቁትን ሰውዬ ፊት፣ በ60 ሰከንድ፣ ጮክ ብለው። የለካሁት ንባባቸውን ነው ወይስ ድፍረታቸውን?

መሣሪያዎቹ ውድ አይደሉም። በየመንገዱ አብሮ መሄድ አለ፦ ልጁ ይመራል፣ አንተ ትከተላለህ፣ የሚያነበውን ያሳይሃል። ሥዕል አለ። የሳምንት ማስታወሻ አለ። መጠይቁን አስቀድሞ ለልጆች አንብቦ «ይህን ስትሰሙ ምን ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ አለ። ይህ የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም፣ ከሁሉም ብዙ ስህተት የሚያድነውም እሱ ነው።

ፎቶም አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ቻይና ዩናን ግዛት ለገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጥተው ኑሮአችሁን አንሱ አሏቸው። ዘዴው ከዚያ ወዲህ ለልጆችም ተርፏል። እኔም ጥናት ሳይሆን ለራሴ ልሞክረው ብዬ፣ ወላጆቻቸውን አስፈቅጄ፣ ለሰፈሬ አራት ልጆች አንድ ስልክ ሰጠሁ። «ከጠዋት እስከ ማታ የምታነቡትን ነገር አንሱ» አልኳቸው።

መጽሐፍ ጠብቄ ነበር። ያነሱት የባጃጅ ኋላ፣ የስኳር ጆንያ፣ የማልያ ጀርባ፣ የመብራት ቢል፣ የአያት ኪኒን ካርቶን፣ የስልክ ካርድ፣ የመስጊድ ግድግዳ ነው። አንዱ ልጅ ደግሞ የሱቁን የዱቤ ደብተር አንስቶ መጣ። «ይሄን ለምን ታነባለህ?» አልኩት። «እናቴ ላይ እንዳይጨምርባት ነዋ! በየሳምንቱ አርብ እኔ ነኝ የማየው።» ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ ደካማ ከሚባሉት ነው። አስተማሪው ስለዚያ ደብተር አያውቅም። እኔም ስልኩን ባልሰጠው ኖሮ አላውቅም ነበር።

ነገር ግን ፎቶውን ወዲያው አጠፋሁት። ገጹ ላይ የግማሽ ሰፈሩ ሰው ስምና ዕዳ ነበር። ልጁን አልወቅሰውም። አስቀድሜ «የሰው ስም ያለበትን አታንሳ» ያላልኩት እኔ ነኝ።

ፈቃድ የሚባለው ጣጣ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ።

በሕጋችን ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። ስለዚህ ልጅ በጥናት ሲገባ የወላጅ ወይም የአሳዳሪ ፈቃድ ይጠየቃል። በጥናት ሥነ ምግባር ደግሞ ይህ ብቻ አይበቃም። የልጁ የራሱ እሺታም ያስፈልጋል። ወላጅ ፈቅዶ ልጅ እምቢ ካለ ነገሩ ቀርቷል።

ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። መሬት ላይ ሲወርድ እንዲህ ይሆናል። ልጁ ፎርም ይዞ ቤት ይሄዳል። እናቱ ማንበብ አትችልም። ፎርሙን ማን ያነብላታል? ልጁ! ስለ ንባብ ችሎታው ልናጠናው ያሰብነው ልጅ፣ ገና ሳይጠና፣ ሁለት ገጽ የቢሮ አማርኛ ለእናቱ ያነባል። የገባውን ይተረጉማል፣ ያልገባውን ይዘላል። «ደብተር ይሰጡናል ነው የሚለው» ይላል። እናት አውራ ጣቷን ትጫናለች። ማንበብ ለማይችል ሰው ፎርሙን የሚያነብለት፣ ከጥናቱም ከልጁም ነፃ የሆነ ምስክር ነው መሆን ያለበት። በቋንቋዋም ነው መሆን ያለበት። በኦሮምኛ የምታስብ እናት በአማርኛ ፎርም ላይ ያኖረችው ጣት ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ እንጃ።

የልጁ እሺታም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ጥያቄ ከመጀመሬ በፊት «መቀጠል ትፈልጋለህ? ካልፈለግህ ችግር የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር አነባለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድም ልጅ «አልፈልግም» አላለኝም። አንድም። ያኔ «ልጆቹ ተባባሪዎች ናቸው» ብዬ ጽፌያለሁ። አሁን ሳስበው ማንም እምቢ የማይልበት ጥያቄ ጥያቄ አይደለም።

የድሬ ልጅ ደግሞ ዓይን አፋር አይደለም። ይህች ከተማ አንቱታ እምብዛም የላትም። ልጅ ሽማግሌውን «አንተ» ይላል፣ ሽማግሌውም አይቀየምም። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ንቀት ይመስለዋል እንጂ ፍቅር ነው። ያ ሰፈር ውስጥ «አቦ አንተ ደግሞ!» የሚለኝ ልጅ ታብሌት ይዤ ግቢው ስገባ «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉ» ይላል። የድሬ ልጅ «እርስዎ» ካለህ ጨዋታው አልቋል። የሚነግርህ አንተ የምትፈልገውን ነው።

መፍትሔ የሚሆኑ ቀላል ነገሮች አሉ። ከጥያቄው በፊት እምቢ ማለትን መለማመድ፣ በጨዋታ። «ስምህ ማን ነው?» ስለው «አልነግርህም» እንዲለኝ፣ ስስቅ እንዲያይ። ቀይ ካርድ መስጠት፣ ያልጣመው ጥያቄ ሲመጣ ሳይናገር እንዲያነሣ። የእግር ኳስ አገር ስለሆነ ቀይ ካርድ ማስረዳት አያስፈልግም። ወንበሩን ማስወገድና መሬት ላይ አብሮ መቀመጥ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ልጅ ልጅን እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፣ በቂ ሥልጠና ሰጥቶ። ልጅ ጠያቂ የራሱ ጣጣ አለው፣ መልሱን ለጓደኛው ሹክ ይላል፣ «መጽሐፍ ትወዳለህ አይደል?» ብሎ ይጠመዝዛል። ይህ ግን ይታረማል። ፍርሃት ግን በሥልጠና አይታረምም።

ስጦታም አለ። ደብተርና እስክሪብቶ ክፉ አይደለም። አስቀድሞ ከታየ ግን ጉቦ ይሆናል፣ ለተጠሩት ብቻ ከተሰጠ ደግሞ ከአጥር ውጪ ጸብ ያመጣል።

ማን ነው የሚመረጠው?

ዳይሬክተሩን «ለውይይት ስምንት ልጆች እንፈልጋለን» በሉት። የሚልክላችሁ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትን፣ የሚኒ ሚዲያውን አንባቢ፣ የአስተማሪ ልጅ ነው። ክፋት የለውም፣ ትምህርት ቤቱን ላለማሳፈር ነው። ውጤቱ ግን ስለ ማንበብ ችግር ማንበብ ከማይቸግራቸው ልጆች ጋር መወያየት ነው።

ከዚያ ደግሞ ጭራሽ ግቢው ውስጥ የሌሉ አሉ። ቀፊራ ዕቃ የሚሸከመው፣ አሸዋ ገበያ ማስቲካ የሚሸጠው፣ ቤት ውስጥ ሕፃን የምትጠብቀው። ድሬዳዋ ሲባል ከተማው ብቻም አይደለም። ቢዮ አዋሌ አለ፣ ዋሂል አለ፣ ጀልዴሳ አለ። ሕንድ አገር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚሠራ አንድ ዓመታዊ የንባብ ጥናት ልጆችን የሚፈልገው ቤት ለቤት እየሄደ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ትምህርት ቤት የሌለን ልጅ ትምህርት ቤት ሄደህ አታገኘውም።

ጊዜ የሚወስድ ሥራም አገራችን ታውቃለች። ያንግ ላይቭስ የሚባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን፣ በሁለት የዕድሜ ቡድን ከፍሎ፣ እስኪያድጉ ድረስ ተከታትሏል። ከፊሎቹን በቡድን ጨዋታ፣ በሥዕልና በረጅም ወግ አነጋግሯል። ይህ ጫፍ ላይ ያለ ተሳትፎ አይደለም፣ ጥያቄውን ያወጡት አዋቂዎች ናቸው። ግን ያው ልጅ ተመልሶ ሲጠየቅና «ያኔ እንዲህ ብለህ ነበር» ሲባል፣ ሰው እንደሰማው ያውቃል።

ልጆች የማይችሉትን ደግሞ አንደብቅ። የአንድን ክልል ተማሪዎች የሚወክል ናሙና ማውጣት አይችሉም። ስምንት ልጆች ያሉት ስለ ስምንት ልጆች ነው። ይሰለቻሉ፣ ርዕስ ይቀይራሉ፣ አንዱ ጉልቤ ሌላውን ዝም ያሰኛል። የልጆች ነው ብሎ የተናገሩትን ሁሉ ወርቅ ማድረግም ሌላ ዓይነት ንቀት ነው፣ ልጅም ይሳሳታልና። ፈተናው ይቅር፣ ልጆቹ ያውሩ የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው የሚጠቅመው። ቁጥሩ ሲሶው አያነብም ይላል፣ ልጆቹ «በየትኛው?» ይላሉ።

ወደ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ታብሌት የያዘ ሰው ከመጣ እንግዲህ ጥቂት ነገር ጠይቁት። ልጄ ለምን እንደተጠራ ነግራችሁታል? በየትኛው ቋንቋ? እምቢ ቢል ምን ይሆናል? ጥያቄዎቹን ከልጆች ያያቸው አለ? ውጤቱ ሲወጣ ለልጆቹ ማን ይነግራቸዋል? ለመጨረሻው መልስ ሊያጣ እንደሚችል ጠብቁ፣ እኔ የተካፈልኩበት ጥናት ሪፖርት በእንግሊዝኛ ነው የወጣው። አንዱም ልጅ አላየውም። አንድ ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ጽፎ ክፍሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ለተመራማሪዎቹም አንድ የድሬ ምክር አለኝ። ልጆቹን በቀትር አትጥሩ፣ በዚያ ሙቀት ማንም አያነብም። አርብም ይለፋችሁ፣ ግማሹ ለጁምዓ ይሄዳል። ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ፣ ነፋስ ሲጀምር፣ ቁርአን ቤት የሚገቡትን ጠይቃችሁ በየተራ ጥሩ። ታብሌቱን ደግሞ ለልጁ አቀብሉት፣ ጥያቄዎቹን ራሱ ያንብባቸው። የተሳሳተውን ፊደል አግኝቶ ካሳቃችሁ ጥሩ ጀምራችኋል።